በገዋኔ ስለሚገኙ ሁለት ጎረቤት ዛፎችና ስለ ወቅታቸው

በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ በምትገኘው በገዋኔ አካባቢ የሙጫ ግራርና ፕሮሶፒስ የተባለው የውጭ አገር ዛፍ በአንድ አፈር ላይ ጎን ለጎን በቅለው ይታያሉ። ወቅታቸው ግን አንድ አይደለም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት የአካባቢውን የቅርብ ዘመን ታሪክ እንዴት እንደሚያስረዳ ማመልከት ነው።

አፋሮች ዓመቱን በዝናብ ይከፍሉታል። ካርማ የተባለው ዋናው ዝናብ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሱጉም በመጋቢትና በሚያዝያ ይዘንባል፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ሐጋይ የተባለው ብርቱ የሙቀት ወራት ይገባል። የሙጫ ግራር ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል፤ አገሩ ሲደርቅ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ሲዘንብ ይለመልማል። ፕሮሶፒስ ግን ሥሩን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ስለሚሰድ በሐጋይም አረንጓዴ ነው። በአሜሪካ በአሪዞና የዚሁ ወገን የሆነ ዛፍ ሥር በ53 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል።

ታዲያ ይህ ዛፍ ስለ ምን መጣ? በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ የጥጥ እርሻ በወንዙ ዳር እየሰፋ ሄደ፤ ከብቶች በሐጋይ የሚጠጉበት ግጦሽ ግን ጠበበ። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅም በዚህ ላይ ተጨመረ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ፕሮሶፒስ በመካከለኛው አዋሽ ሲተከል የተመረጠው በድርቅ ስለማይበገር ነበር፤ ጥላና የነፋስ መከላከያ ይሆናል፣ አፈርንም ይጠብቃል ተብሎ ታስቦ ነበር።

ስሙም ሊመረመር ይገባዋል። በአፋርኛ «ደርጊ ሀራ»፣ ማለትም የደርግ ዛፍ፣ ሲባል በሌላ በኩል «የወያኔ ዛፍ» ይባላል። በሁለተኛው ስም ብቻ የሚመራ አጥኚ ዛፉ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የገባ ሊመስለው ይችላል፤ ተከላው ግን ከዚያ ይቀድማል።

ሌላ መኖ በሚጠፋበት ወራት ከብቶች ጣፋጩን የፕሮሶፒስ ፍሬ ይበላሉ፤ ዘሩም ከእበት ጋር ወጥቶ በየግጦሹ ይበቅላል። ስለዚህ ዛፉን ያሠራጨው የመንጋው ረኀብ ጭምር ነው ለማለት ይቻላል። ጥቅጥቅ ብሎ በያዘው መሬት ላይ ሣር ይጠፋል፣ እሾሁም መተላለፊያ ይዘጋል።

እንግዲህ ዛፉ የተመሰገነበትና የተጠላበት ጠባይ አንድ ነው፤ ይኸውም ጎረቤቶቹ በሚያርፉበት ወራት አለማረፉ ነው። የገዋኔ አርብቶ አደር ያጣው በሐጋይ ለምለም ሆኖ የሚታይ ዛፍ ሳይሆን የሐጋይ ግጦሽ ነበር። ሁለቱን ለይቶ አለማየት ያስከተለውን ዋጋ ዛሬም የሚከፍለው እርሱ ነው።