የመስቀል ወፍ በጎጃም ደጋ

የመስቀል ወፍ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየረግረጉና በየማሳው ዳር ደምቀው ለሚታዩ ልዩ ልዩ ትንንሽ ወፎች የተሰጠ የወል መጠሪያ ነው። አንዱ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ ነው፤ ሌላው አናቱና አንገቱ ቀልቶ ረጅም ጥቁር ጭራ ይጎትታል፤ ሆዱ ነጭ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ጭራው ከገላው የሚረዝምም አለ። ገበሬው በአንድ ስም የጠቀለላቸው በመልካቸው ሳይሆን በሚታዩበት ጊዜ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ከጀርባዋ ያለው የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ዝናቡና ጉሙ አገሩን ሸፍነውት ይከርማሉ። መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይገለጣል፣ አደይ አበባ ይፈነዳል፣ ልጃገረዶችም እንግጫ ለሚባለው ሣር ነቀላ ወደ መስክ ይወርዳሉ። እርጥቡ መስክና ረጅሙ ሣር ደግሞ ወፉ የሚራባበት ቦታ ነው። መስከረም 17 የሚከበረው የመስቀል በዓል የሚውለው በዚህ ሁሉ መካከል ነውና ወፉ በበዓሉ መጠራቱ አያስገርምም።

ፈረንጆች ለእነዚሁ ወፎች ስም ያወጡት ልብሳቸውን አይተው ነው፤ በእንግሊዝኛ ቀዩንና ቢጫውን «ጳጳስ»፣ ረጅም ጥቁር ጭራ ያለውን «መበለት» ይሏቸዋል። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔልም ቢጫ ትከሻ ያለውን የደጋ ወፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ሲመዘግብ የሰጠው የግሪክኛ ስም «ቢጫና ጥቁር» ማለት ነው። የአማርኛው ስም ስለ ቀለም ምንም አይናገርም።

ከስሙ የወጣው አነጋገር ከወፉ ይልቅ ሳይታወቅ አይቀርም። ከጠፋ የሰነበተ ወዳጅ ብቅ ሲል «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንህ!» ይባላል፤ ለታላቅ ሰው ደግሞ «እንደ መስቀል ወፍ ጠፉሳ!» ይሆናል። ወቀሳ ነው፣ ግን ናፍቆት ያለበት ወቀሳ፤ የተወቀሰው ሰው ስቆ ይቀመጣል እንጂ አይቀየምም። ለበዓል ብቻ ወደ አገሩ ለሚመለስ የከተማ ልጅም፣ በዓመት አንዴ ቤተ ክርስቲያን ለሚሳለም ምእመንም ያገለግላል። በሹም ላይ ሲነገር ግን ናፍቆቱ ይወጣለትና ወቀሳው ብቻ ይቀራል።

አነጋገሩ የቆመው ወፉ ከመስቀል በኋላ አገር ጥሎ ይሄዳል በሚል ግምት ላይ ነው። ወፉ ግን አይሄድም። የሚያምረው ወንዱ ብቻ ሲሆን እሱም የሚያምረው በመራቢያ ወቅት ነው። ክረምቱ ሣሩን ሲያሳድግና ዘሩን ሲያበዛ ወንዱ ቡናማ ላባውን አራግፎ ጥቁሩን፣ ቢጫውን ወይም ቀዩን ያወጣል፤ በሣሩ አናት ላይ እየበረረ እንስቶችን ይጠራል። ረጅሙ ጭራ ለምን እንደሚጠቅም ስዊድናዊው ማልቴ አንደርሰን ኬንያ ውስጥ በእነዚህ ወፎች አንድ የቅርብ ዘመድ ላይ ፈትኖ ውጤቱን በ1982 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የአንዳንዶቹን ጭራ ቆርጦ በሌሎቹ ላይ በማጣበቂያ ቀጠለ፤ ጭራቸው የረዘመላቸው ብዙ እንስት ሳቡ።

ወቅቱ ሲያበቃ ወንዱ አብዛኛውን ጌጡን ይጥልና እንደ እንስቷ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ከድንቢጥ ብዙም የማይለይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንስትና ወንድ ተደባልቀው በመንጋ ይበርራሉ፤ የሣር ዘር ይለቅማሉ፣ የደረሰ እህል ላይም ይሰፍራሉ። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚጠብቃቸው ልጅ ያን ጊዜ በበዓሉ ስም አይጠራቸውም፤ ለእሱ እህል የሚበላ ወፍ ናቸው።