ከዓይን በታች ያለው ስፌት

ቀዶ ጥገናው ከተደረገልኝ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ከሁለቱም ዓይኖቼ ሥር ያለው ቆዳ በልዞ ወደ ቢጫነት ተለውጧል። የዋጫ ሰው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ምን ነካህ?» ይለኛል፤ እኔም «የዓይን ማዝ ታክሜ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ግን እውነቱን ልናገር። ከአባቴ የወረስኩት የዓይን ሥር ከረጢት ነበረኝ። ስቡን የሚይዘው ስስ ሽፋን ሲላላ ስቡ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሌላ ሕመም የለውም። ነገር ግን እኔ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። በመስኮቱ የሚያየኝ ደንበኛ ሌሊቱን ስጠጣ ያደርኩ ይመስለዋል፤ አንዳንዱማ የሰጠሁትን ብር ዓይን ዓይኔን እያየ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ጠላ እንኳ የማልቀምስ ሰው! ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አዲስ አበባ ወረድኩና አስወጣሁት።

ራሴን በትራስ ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ጥዬ ስተኛ፣ ያነበብኩትን የዚህን ምላጭ ታሪክ አሰላስላለሁ። ሮማዊው ኬልሰስ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የላላ የዓይን ቆብ ቆዳ እንዴት እንደሚቆረጥ ጽፎ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካችው ግን የፓሪሷ ሐኪም ሱዛን ኖኤል ናት። እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመችው መጽሐፍ የውበት ቀዶ ጥገና ማኅበራዊ ጥቅም እንዳለው ተከራከረች፤ ፊታቸው አርጅቶ እንጀራቸውን እንዳያጡ የሰጉ ሴቶች ወደ እርሷ ይመጡ ነበርና። ቅብጠት ነው ለሚለኝ ሰው ይህችን ሴት እጠራለሁ።

በአገራችን የዓይን ቆብ ምላጭ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። ትራኮማ ደጋግሞ ሲይዝ በላይኛው ቆብ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ሕፃናትን የሚያሳድጉ እናቶች ከወንዶች ይልቅ ይጠቃሉ፤ ለዓመታትም በወረንጦ ሲነቅሉ ይኖራሉ። የዓይን ሐኪም ጥቂት በመሆኑ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ቆቡን ቆርጠው ወደ ውጭ ያዞሩታል። እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል በ1000 ሰዎች ላይ ሁለት አሠራሮችን አወዳድረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል፦ ከውስጥ በኩል ብቻ የተቆረጠላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ 13 ከመቶ፣ ቆቡ ከዳር እስከ ዳር የተበሳላቸው ደግሞ 22 ከመቶ ሽፋሽፍታቸው ተመልሶ ተቀልብሷል።

እናቴ በዚህ ምላጭ ካለፉት አንዷ ናት። የሰፈሩ ሰው ውሸቴን በቀላሉ የተቀበለኝም ማዝ ሁሉም የሚያውቀው፣ የማያሳፍር በሽታ ስለሆነ ነው። ትናንት ጭሱ እንዳይነካኝ ብላ ቡናውን ደጅ ቆላችው። ከዚያ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

«የእኔን የሰፉት ከላይ ነበር» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«አባትህንም እኮ በዚሁ ዓይኑ ሰካራም ይሉት ነበር» አለችና ስኒውን አቀበለችኝ።