ማኛና ማኛል

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዝናቡ ቶሎ የሚያባራ አይመስልም፣ ቡናውም ገና አቦል ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ሥር ነው፤ እንደ ዝንጅብል ቋጠሮ ቋጠሮ የሆነች፣ ሲሰብሯት ውስጧ አስኳል የመሰለ፣ እኛ እርድ የምንላት፣ ከአልጫ ድስት የማትጠፋው ሥር። ወሬዋ የህንድ ነው። እኔን ያገኘኝ ግን ጅማ፣ ሐሙስ ገበያ ላይ ነው።

በንጉሡ ዘመን ነው። ያኔ በየከተማው ትምህርት ቤት ከህንድ የመጡ መምህራን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ኬረላ ከሚባለው፣ ከህንድ ደቡብ ምዕራብ የባሕር ዳርቻ የመጡ ናቸው። ሒሳብ ያስተምሩን የነበሩት ሴትዮም የዚያው አገር ሰው ነበሩ። ስማቸው አፋችን ላይ ስለሚሰናከል «ሚስ» ብቻ እንላቸው ነበር። ሳሪያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው፣ በሌላው ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ ጭቃውን እየመረጡ ሲራመዱ ዛሬም ይታየኛል፤ እኔ ደግሞ ዘንቢላቸውን ተሸክሜ ከኋላ ከኋላ።

አንድ ሐሙስ ታዲያ እህል ተራ ስንደርስ ሚስ አማርኛው ጠፋባቸውና፣ ወደ አንዲት ባለጤፍ ጎንበስ ብለው «ማኛል አለ?» አሉ። ባለጤፏ ፊታቸው በራ። «አለ እንጂ የኔ እመቤት! ማኛ እኔ ዘንድ ጠፍቶ ያውቃል?» አሉና ነጩን ጤፍ ቁናቸው እስኪተርፍ ሰፍረው ዘንቢሉ አፍ ላይ አደረሱት። ሚስ ጤፉን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ከዚያም ቅመም ተራ ላይ የተቆለለውን እርድ ሲያዩ ጃንጥላቸውን እንደ ጦር ዘርግተው «ማኛል!» ብለው ጮኹ። ገበያው ሳቀ፣ ሚስም ሳቁ።

መንገድ ላይ አስረዱኝ። በእሳቸው ቋንቋ፣ በማላያላም፣ «ማኛ» ማለት ቢጫ ነው፤ «ማኛል» ደግሞ እርድ። እኛ ከጤፍ ሁሉ ነጩን የምናሞግስበት ድምፅ ከባሕር ማዶ ቢጫ ሆኖ ኖሯል! ግን እኛስ ከቡና ቡናማ፣ ከብርቱካን ብርቱካናማ አላልንም እንዴ? ቀለምና የሚበላ ነገር አንድ ማጀት ያደጉ ናቸው። «እርድ» ያልን እንደሆነማ ቅመሙን ይሁን የበሬውን መታረድ፣ ከአፋችን ሳይሆን ከወሬያችን ነው የሚለየው።

ከዚያ ወዲህ ይህችን ሥር የሚያወራ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጆሮዬን አቆማለሁ። የለቃቀምኩትን ልንገራችሁ።

በድሮው የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ስሟ «ሃሪድራ» ነው፤ ውስጡ «ሃሪ» አለ፣ ቢጫም አረንጓዴም ወርቅማም ለሆነ ነገር የሚባል ቃል። የጥንቶቹ ሐኪሞች ግን በዚህ አልረኩም። «ረጀኒ»ም «ኒሻ»ም አሏት፤ ሁለቱም ሌሊት ማለት ናቸው። እንዲህ ፀሐይ የመሰለችውን ሥር ሌሊት! ዛሬም እርድና አምላ የሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ ተቀላቅለው የሚሠራ መድኃኒት አላቸው፣ ስሙ «ኒሻ አማላኪ» ነው፤ ቃል በቃል ብትፈቱት ሌሊትና አምላ።

ከዚያም ሃሪድራ መንገድ ጀመረች። በሰሜኑ ሜዳ በሂንዲ «ሃልዲ» ሆነች፣ ወደ ምዕራብ ወርዳ በማራቲ «ሃለድ» ሆነች፣ ወደ ምሥራቅ ሄዳ ቤንጋል ስትደርስ «ሆሉድ» ተባለች። ቤንጋሎች ቢጫውንም ሆሉድ፣ ሥሯንም ሆሉድ ይላሉ፤ ለሰርግም ከዚያው ቃል ይቆርጣሉ። ከሰርጉ በፊት «ጋዬ ሆሉድ» የሚሉት ቀን አለ፣ እርድ በገላ ማለት ነው፤ ሂንዱውም እስላሙም፣ ካልካታም ዳካም ያከብሩታል። በሂንዱዎቹ ዘንድ የተፈጨው እርድ መጀመሪያ ሙሽራው ገላ ላይ ይቀባል፤ ከዚያም የተረፈው ወደ ሙሽሪት ቤት ይላካል፤ ከስጦታው ጋርም እንደ ሙሽራ የተሸለመ ትልቅ ዓሣ ይሄዳል። አስቡት እስቲ፣ ዓሣው ተኩሎ! ሂንዲ ተናጋሪዎቹም አንድ አባት ልጁን ዳረ ለማለት እጇን ቢጫ አደረገ ይላሉ።

ደቡብ ሲደርሱ ግን የሃሪድራ ልጆች ያልቃሉ፤ ቋንቋው ሌላ ቤተሰብ ነውና። ታሚሎች «መንጀል» ይላሉ፣ የሚስ ማኛል እህት፤ እሱም ቢጫም ነው እርድም። የታሚል ሙሽራ ቀለበት ሳይሆን በእርድ የተነከረ ክር ነው ሙሽሪት አንገት ላይ የሚያስረው፤ በመከር በዓላቸው በፖንጋል ደግሞ ከነቅጠሉ የተነቀለ እርድ የአዲሱ ሩዝ ማሰሮ አንገት ላይ ይታሰራል። ካናዳ ተናጋሪዎቹ ዘንድ «አሪሺና» ነው፤ አገሩን ካናዳ እንዳይመስላችሁ፣ ባንጋሎር ያለበት የካርናታካ ቋንቋ ነው።

ቴሉጉዎች «ፓሱፑ» ይላሉ፤ እዚህ ትንሽ ልቆይ። «ፓሱፑ ኩንኩማ» ብለው እርዱን ግንባር ላይ ከሚደረገው ቀይ ዱቄት ጋር አንድ ላይ ይጠሩታል። ባለትዳር ሴት ቤታቸው ገብታ ስትወጣ ይህንኑ ሰጥተው ይሸኟታል። ፓሱፑ ኩንኩማሽ ይጽና ብለው ሲመርቋት ባልሽ ይኑርልሽ ማለታቸው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት በር ላይ ስትደርስስ? በድሮው ወግ ለእሷ አይሰጥም። አንድ ጭብጥ የቅመም ዱቄት፤ እሱም ተሰፍሮ ለአንዷ ሲሰጥ ሌላዋን ያልፋታል።

ይህችው ሥር የአሜሪካ የፈጠራ መብት ቢሮ ድረስ የሄደ ሙግትም ወልዳ ነበር። በፈረንጆቹ 1995 አሜሪካ ውስጥ፣ በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች፣ እነሱም ትውልዳቸው ህንድ ነው፣ እርድ ቁስል ያድናል ብለው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጡ። ቁስል! የህንድ እናት ሁሉ ልጇ ጉልበቱን ሲላጥ የምታደርገውን! የህንድ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት፣ ያኔ በዶክተር ማሼልካር ይመራ የነበረው፣ ተነሣና ተሟገተ። ግን እናቴ ታደርገው ነበር ማለት ለቢሮው መርማሪ አይበቃም፤ የተጻፈ ነው የሚፈለገው። ከዚያም በሳንስክሪት፣ በኡርዱና በሂንዲ የተጻፈውን ሁሉ እየቆፈሩ፣ ሃሪድራም ሃልዲም ተብላ የተጻፈችበትን ገጽ እየተረጎሙ፣ በ1953 የህንድ ሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣውንም ጨምረው አቀረቡ። በ1997 መብቱ ተሰረዘ።

ስለ ቀዩ ዱቄት ሳልነግራችሁ። ያ ዘንቢል የተሸከምኩበት ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ እናቴ ሚስን አልጫ ጋበዘቻቸው። እኔ ሳቀርብ እጄ ተንቀጠቀጠና ወጡ የእናቴ አዲስ ነጠላ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ሮጣ ሳሙና ስታስነካው ቢጫው ደም መሰለ፤ «ወይኔ ጉዴ!» አለች። ሚስ ግን እየሳቁ መዳፋቸው ላይ ቆንጥረው እርድ አደረጉ፣ ከግድግዳው ጥግ ትንሽ ኖራ ፍቀው ጨመሩበት፣ ውኃ ጠብ አደረጉና በጣታቸው አሹት፤ ዓይናችን እያየ ቀላ። ከዚያው በጣታቸው ጫፍ ነክተው ግንባራቸው ላይ አኖሩት። ኩንኩማ ማለት ይኸው ነው፤ ኖራም ሳሙናም እርድን ያቀሉታል።

ከዚያም ነጠላውን በሚገባ አጥባ ፀሐይ ላይ እንድታሰጣው ነገሯት። የመስከረም ፀሐይ ቀኑን ሙሉ መታው። አመሻሽ ላይ እናቴ ከገመዱ አወረደችውና ወደ ብርሃን አንሥታ አገላብጣ አየችው።

«ማኛ ሆኗል፣» አለች። ሚስ ደንግጠው ቀና ሲሉ፣ «የኛ ማኛ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም፣» አለቻቸው።