መዝገቡ ሲዘጋ፦ የቋንቋ መምህሩ ክረምት

መስከረም ሲጠባ በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል «እንዴት ከረማችሁ?» ይባባላሉ። ከረመ ማለት በመሠረቱ ክረምትን በአንድ ቦታ ማሳለፍ ነው። ጠያቂው ከጤናው ሌላ ዝናቡ የት እንዳገኘህ፣ ወራቱን በምን እንደገፋሃቸው እየጠየቀ ነው። የቋንቋ መምህርን ታሪክ የሚጽፍ ሰውም ከዚሁ ጥያቄ ቢነሣ ይጠቀማል። በብዙ ሰው ግምት የመምህር ክረምት ከነደመወዙ የሚታደል የሁለት ወር ዕረፍት ነው። እኔ ግን በአገራችን የቋንቋ መምህር የተሠራው በአብዛኛው ክፍሉ ተቆልፎ ሳለ፣ በክረምቱ ነው እላለሁ። ዕረፍት መስሎ የታየን የትምህርት ቤት መዝገብ ሰኔ ላይ ስለሚዘጋና ከዚያ በኋላ ያለውን የሚጽፍልን ስለሌለ ነው።

ከአስኳላው በፊት የቋንቋ መምህር የሚባለው የቅኔው መምህር ነበር፤ ግስ የሚያስገስስ፣ አገባብ የሚያስቀጽል እሱ ነው። ከራያ ቆላ በስተምዕራብ ደጋው ላይ ያለው ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች አንዱ ሆኖ ይጠራል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቋረጣል፤ ቀለም ፍለጋ ከአገሩ የወጣ ተማሪም በያዘው ጉባኤ ይከርማል። በአብነት ትምህርት ቤት እንግዲህ ክረምት መምህርና ተማሪ የሚለያዩበት ወቅት አልነበረም። መለያየቱን ያመጣው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው፤ ነገር ግን ተማሪውን ወደ ቤቱ ሲሸኝ መምህሩን ራሱን ተማሪ አደረገው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ የማስተማሪያ ቋንቋችን ታሪክ ያስረዳል። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ በአብዛኛው ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ እስከ ጣሊያን ወረራም ፈረንሳይኛ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ትልቅ ቦታ ነበረው። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ እንግሊዝኛ ተተካ። የተማሩት ብዙዎቹ በወረራው ዘመን አልቀው ስለነበር ለማስተማር የሚቆመው ራሱ ጥቂት ክፍል ብቻ የዘለቀ ወጣት ነበር። ይህ ወጣት ከመስከረም እስከ ሰኔ ጠመኔ ይዞ ይውላል፤ የጎደለውን የሚሞላበት ክረምቱ ብቻ ነው። የክረምት ኮርስ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ ስድስት ኪሎ ለመምህራን የሐምሌና የነሐሴ ቤት ሆነ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲገባ ሲያዝ የታችኛው ክፍል መምህር ሁሉ በአንድ ጊዜ የሁለት ቋንቋ መምህር መሆን ነበረበት። ፖሊሲ በአንድ ቀን ይታወጃል፤ አንደበት ግን ብዙ ክረምት ይፈልጋል።

በራያ ቆላ፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል አስፋልቱ ዳር ካለችው ከዋጃ የተነሣ መምህር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሮስተር አስረክቦ ክሊራንስ እንደያዘ እስከ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጠብቀዋል። 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቆላ ወጥቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ወዳለው ብርድ ይገባል፤ ጋቢ መጀመሪያ የሚታሰብ ዕቃ ነው። ጠዋት ሌክቸር፣ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት፣ ማታ የፎቶኮፒ ሃንድአውት፤ የትልቁ ከተማ ክረምት ለእሱ ይኸው ነው። ከሌክቸሩ ያላነሰ ትምህርት ያለው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ዶርሙ ውስጥ ነው። የራያ ሰው አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት፣ የጎሣና የቦታ ስሞች የኦሮምኛ አሻራ በያዙበት፣ አፋሩም ከዞብል ማዶ ለገበያ በሚመጣበት አገር ያደገ ነው። ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከሸዋ ከመጡ መምህራን ጋር አንድ ክፍል ሲያድር የራሱ አማርኛ ከብዙዎቹ አንዱ መሆኑን ይሰማል። ተማሪው በቀዬው አነጋገር ሲጽፍ «ስሕተት» ብሎ በቀይ ከማስመር በፊት ቆም የሚል መምህር እንዲህ ካለው ጉርብትና ይወጣል።

ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ግን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ክረምት ላይ የተጀመረው ትምህርት ቤት ተዘግቶ መምህሩም ተማሪውም የሚገኙት ያኔ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ዙር ትኩረት ከተሞች ላይ ነበር። ክረምት ለገበሬው የእርሻ ወራት ነውና ይህ ምርጫ ትርጉም ነበረው። እያደር ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል፣ ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ወታደራዊው መንግሥት ዘመቻውን ለፕሮፓጋንዳው ተጠቅሞበታል፣ የፊደል ቆጣሪውንም ቁጥር አጋንኗል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው መሠረት የለውም አልልም። ይሁንና እዚህ የምመዝነው መምህሩን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሕፃናትን ሲያስተምር የኖረ ሰው እናቱን ለሚያህሉ ሴት «ሀ ሁ»ን ማስያዝ ሲኖርበት፣ ወይም በጽሑፍ ብዙ ባልተለመደ ቋንቋ ድምፅን ከፊደል ሲያገናኝ፣ ሙያውን እንደገና ከሥሩ ተማረው። የመንግሥት ቁጥር ቢጋነንም ይህ ልምድ አብሮ አይሰረዝም።

ሌላው ተቃውሞ መምህራን ክረምት የሚማሩት ለዕውቀት ሳይሆን ለደረጃና ለደመወዝ ነው ይላል። የደመወዝ እርከን ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ከሚወጣው መሰላል ጋር ስለታሰረ ሐሰት አይደለም። ደመወዝ ፈልጎ የመጣ ሰው ግን ሰዋስው አይገባውም ያለ ማን ነው? የሚከብደኝ ሦስተኛው ነገር ነው፤ ይኸውም የክረምቱ ዋጋ የተከፈለው ከማን ጓዳ ነው የሚለው። በራያ ቆላ እርሻ የሚለማው ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ክትር እየጠለፉ ወደ ማሳ በመምራት ነው። ጎርፉ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ቀን ሳይለይ፣ ሌሊትም ሊመጣ ይችላል፤ ያመለጠ ጎርፍ ደግሞ ተመልሶ አይጠለፍም። የሚታረስ ቁራሽ መሬት ያለው መምህር ስድስት ኪሎ ሲከርም የእሱን ፈረቃ ውኃ የመራው ሚስቱ፣ ወንድሙ ወይም ልጁ ነው። ነሐሴ 16 ልጃገረዶች ሶለል ሲጫወቱም አባት ፈተና ላይ ነው። ክረምቱ መምህሩን ሠርቶታል ስል ለሥራው ከከፈሉት መካከል ቤተሰቡን መቁጠር ግድ ይለኛል።

ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም። ሮስተሩ የተማሪን ውጤት፣ የስም መጥሪያውም የመምህሩን መገኘት ይዟል፤ ሁለቱም ሰኔ ላይ ያበቃሉ። የዋጃና የቆቦ ትምህርት ቤቶችን ታሪክ የሚያጠና ሰው በእነሱ ብቻ ቢመራ ግማሹ መምህር ያመልጠዋል። ቀሪው ግማሽ ያለው ሰው ቤት ነው፤ በክረምት ኮርስ ምስክር ወረቀት፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምስጋና ወረቀት፣ በጠርዙ ላይ በእርሳስ በተጻፈበት የሰዋስው ሃንድአውት ውስጥ። አባታችሁ ወይም እናታችሁ መምህር ከነበሩ ሣጥናቸውን ስታራግፉ እነዚህን ወረቀቶች አትጣሏቸው፤ እነሱ በሕይወት ካሉም የት የት እንደከረሙ ጠይቁና ጻፉት።