ከቅርጽ ወደ ዝላይ፦ የበረዶ ላይ ጥበብ ጎልማሶቹን እንዴት አጣ፣ እንዴትስ መልሶ አገኘ

እ.ኤ.አ. በ1920 በኤፕሪል ወር መጨረሻ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስል ገና ባልጠገገበት በቤልጂየሟ አንትወርፕ ከተማ፣ የኦሊምፒክ የፊገር ስኬቲንግ ውድድር ተካሄደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወንዶች ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳሊያ የወሰደው ኖርዌጂያዊው ማርቲን ስቲክስሩድ የ44 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ አራተኛ የሆነው ስዊድናዊው ኡልሪክ ሳልኮቭ 42 ዓመቱ ነው። በጥንድ ውድድር ከባለቤቱ ከሉዶቪካ ጋር ወርቅ ያገኘው ፊንላንዳዊው ዋልተር ያኮብሶን ደግሞ 38 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ሉዶቪካም 35። የዛሬ ተመልካች በዚያ የበረዶ ሜዳ ዳር ቢቆም የአሰልጣኞችን ውድድር የሚያይ ይመስለው ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ በፈረንሳዩ ሻሞኒ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ፣ ሶንያ ሄኒ የምትባል የ11 ዓመት ኖርዌጂያዊት ልጅ ወደ በረዶው ወጣች። ከስምንቱ ተወዳዳሪዎች የመጨረሻዋ ሆነች። ካሠለጠኗት ሰዎች አንዱ ይኸው ስቲክስሩድ ነው። የጎልማሶቹ ዘመን ተተኪውን በገዛ እጁ አሳደገ ማለት ይቻላል።

ዛሬ ፊገር ስኬቲንግ ሲባል በብዙዎች ልቡና የሚመጣው ልጅነት ነው፤ በአራት ዓመቷ ጫማውን ያጠለቀች፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ሻምፒዮን የሆነች፣ በሃያ ዓመቷ «አርጅታ» የተሰናበተች ልጅ። በአማርኛም ቢሆን ለዚህ ስፖርት የተሰጠው ስም ሸርተቴ ነው፤ ሸርተቴ ደግሞ ልጆች ቁልቁለት ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በሰው አገር ልጁን ቅዳሜ ጠዋት ወደ በረዶ ሜዳ የሚያደርስ ወላጅ፣ እርሱ ራሱ ከመስታወቱ ኋላ ቡናውን ይዞ መቀመጡን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቀበለዋል። እንጨት የሚታረቀው በእርጥቡ ነው የሚለው አነጋገርም ይህን እምነት ያጸናል። የጥበቡ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። በሩን በጎልማሳው ላይ የዘጋው ገላው ብቻ አይደለም። የውድድር ደንብ፣ የነጥብ ስሌትና የቴሌቪዥን ካሜራም አብረው ዘግተውታል።

ጥበቡ ሲጀመር የአዋቂዎች ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተውና በዓይነቱ ከሁሉ የቀደመ ነው የሚባልለት የኤዲንብራ የስኬቲንግ ማኅበር፣ አባል ሊሆን ለሚሻ ሰው ፈተና ነበረው። አመልካቹ በእያንዳንዱ እግሩ ሙሉ ክብ ይሠራል፤ ከዚያም በመጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በመጨረሻ ሦስት ባርኔጣ ይዘላል። በ1772 ደግሞ ሮበርት ጆንስ የተባለ የመድፈኛ መኮንን ስለ ስኬቲንግ አንድ መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። በእንግሊዝኛ ስለዚህ ጥበብ ከተጻፉት የመጀመሪያው እንደሆነ ይታወቃል። መጽሐፍ መጻፉ ራሱ ተማሪው ማን እንደነበረ ይጠቁማል፤ ሕፃን አይቶ ይማራል፣ ከመጽሐፍ ላይ አንብቦ ገላውን ለማዘዝ የሚሞክረው ጎልማሳ ነው።

ያንን ዘመን ግን ማሞገስ አያስፈልግም። በረዶው ላይ የሚውሉት ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው ወንዶች ነበሩ። በ1902 እንግሊዛዊቷ ማጅ ሳየርስ በዓለም ሻምፒዮና ከወንዶች ጋር ተወዳድራ ከሳልኮቭ ቀጥሎ ሁለተኛ ስትወጣ፣ የዓለም አቀፉ ማኅበር ምላሽ ሴቶች ከዚያ በኋላ ከወንዶች ጋር እንዳይወዳደሩ መከልከል ነበር። የሴቶች ውድድር ለብቻው የተጀመረው በ1906 ነው። እርሷ በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች፤ በጥንድ ውድድር አብሯት ነሐስ የወሰደው ባሏ ኤድጋር በዚያን ጊዜ 45 ዓመቱ ነበር።

እነዚህ ሰዎች በዚያ ዕድሜ እንዴት ከምርጦቹ ተርታ ሊቆሙ ቻሉ? መልሱ በስሙ ውስጥ ነው። ፊገር ማለት ቅርጽ ማለት ነው። የስኬቲንግ ጫማ ብረት እንደ ቢላዋ አንድ ስለት ብቻ ያለው ይመስላል እንጂ አይደለም፤ መሐሉ በስሱ የተቦረቦረ ሆኖ በግራና በቀኝ ሁለት ጠርዝ አለው። ሰውየው ገላውን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል አንዱ ጠርዝ ብቻ በረዶውን ይነክሳል፣ ጉዞውም ይጎብጣል። ሁለት እግር፣ ሁለት ጠርዝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፤ በጠቅላላው ስምንት መንገድ ይሆናል። ተወዳዳሪው በእነዚህ መንገዶች በአንድ እግሩ እየተንሸራተተ ቁጥር 8 የሚመስል ቅርጽ በበረዶው ላይ ይስላል። ከዚያም በዚያው መስመር ላይ ደግሞ ይሄዳል፤ ከዚያም ሦስተኛ። ሲጨርስ ዳኞቹ ወደ በረዶው ወርደው፣ ጎንበስ ብለው ሦስቱ ጭረቶች ምን ያህል እንደተደራረቡ፣ ክቡ ምን ያህል ክብ እንደሆነ፣ መታጠፊያው ላይ ጠርዙ በትክክል ተለውጦ እንደሆነ ይመረምራሉ።

ይህ የዝላይ ጉልበት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥትን፣ የራስን ስሕተት ከዱካው ማንበብን፣ አንዱን ነገር ሺህ ጊዜ መደጋገምን ነው። የዕለቱ ልምምድም በዚሁ መልክ የተደራጀ ነበር፤ በረዶው በጠባብ ቁራሽ እየተከፋፈለ ለየሰዉ ይሰጣል፣ እያንዳንዱም በቁራሹ ላይ በጸጥታ ክቡን ይደጋግማል። በእንዲህ ያለ ሥራ ዕድሜ ዕዳ አይሆንም፤ እንዲያውም ስንቅ ነው። እስከ 1968 ድረስ ከውድድሩ ጠቅላላ ነጥብ 60 በመቶው የሚገኘው ከእነዚህ ቅርጾች ነበር።

ሄኒ በ1927 በ14 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ1928፣ በ1932 እና በ1936 ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ሰበሰበች፤ ከዚያም ወደ ሆሊውድ ተሻገረች። አጭር ቀሚሷና ጭፈራዋ ሕዝቡ ከስኬቲንግ የሚጠብቀውን ለወጠው፤ ከእንግዲህ የሚፈለገው ዳኛ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ጭረት ሳይሆን ከሩቅ የሚታይ ትርኢት ሆነ። ደንቡ ግን ገና አልተነካም። የነካው ቴሌቪዥን ነው። በ1972 በሳፖሮ ኦሊምፒክ ኦስትሪያዊቷ ቤአትሪክስ ሹባ በቅርጾቹ እጅግ ስለራቀች፣ በነጻው ትርኢት ሰባተኛ ወጥታም ወርቁን ወሰደች። በነጻው ትርኢት ከሁሉ የበለጠችው አሜሪካዊቷ ጃኔት ሊን ሦስተኛ ሆነች። ቅርጾቹን በቴሌቪዥን ያላየ ተመልካች ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። በቀጣዩ ዓመት አጭር ትርኢት የሚባል አዲስ ክፍል ተጨምሮ የቅርጾቹ ድርሻ ተቀነሰ፤ ከዚያም እየሳሳ ሄዶ ከ1990 በኋላ ከዓለም አቀፍ ውድድር ጨርሶ ወጣ። ስፖርቱ ስሙን ያገኘበትን ነገር ጥሎ ስሙን ብቻ ይዞ ቀረ።

በዚያ ክፍተት የገባው ዝላይ ነው። አንድ ዝላይ አየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ሦስት ጊዜ ለመዞር ገላ እንደ እንዝርት መጥበብ አለበት፤ ክንድ ደረት ላይ ይጣበቃል፣ እግር ይቆላለፋል። ትከሻውና ዳሌው ጠባብ የሆነ፣ ክብደቱ ያነሰ ገላ በቀላሉ ይሾራል። ስለዚህ ከጉርምስና በፊት ያለው ዕድሜ በድንገት ሀብት ሆነ። ታራ ሊፒንስኪ በ1998፣ አሊና ዛጊቶቫ በ2018 የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያጠልቁ ሁለቱም 15 ዓመታቸው ነበር። ነገሩ እስከምን እንደደረሰ የሚያሳየው ዓለም አቀፉ ማኅበር ራሱ በ2022 የወሰደው እርምጃ ነው፤ በዋናው ውድድር ለመሳተፍ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ወሰነ።

ጎልማሶቹ የተመለሱት ልጆቹ በነገሡበት በዚያው ዘመን መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው። በ1995 በዴላዌር ክፍለ ግዛት፣ በዊልሚንግተን ከተማ፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ የጎልማሶች ብሔራዊ ሻምፒዮና ተካሄደ። ለጎልማሶችም ነሐስ፣ ብርና ወርቅ በሚል ስያሜ የፈተና መሰላል ተዘረጋላቸው። እዚህ ላይ «ነሐስ» ሜዳሊያ ሳይሆን የክፍል ደረጃ ነው፤ አንድ ሰው ነሐስ ለመሆን ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል፣ ሲሆንም እንደ ምረቃ ያከብረዋል። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፉ ማኅበር በጀርመን ተራራማ ከተማ በኦበርስትዶርፍ የጎልማሶችን ውድድር በስሙ ማካሄድ ጀመረ። በዚያ ተወዳዳሪዎች በየዕድሜ ክልላቸው ተከፋፍለው ይቀርባሉ፤ አያት የሆኑም ለራሳቸው ምድብ አላቸው።

ይህን ለጡረተኛ የተሠራ ማጽናኛ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ስሕተትም ነው። ጎልማሳው በረዶው ላይ ምን እንደሚገጥመው ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው ትምህርት መውደቅ ነው። ልጅ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ይወድቃል፣ ይስቃል፣ ይነሣል። አዋቂው ከፍ ካለ ቦታ፣ ከበለጠ ክብደት ጋር ይወድቃል፤ ነገ ሥራ መግባት እንዳለበትም ያውቃል። ስለዚህ ገላው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጉልበቱ ይደርቃል፣ ዓይኑ ወደ እግሩ ያቀረቅራል፤ ሦስቱም ደግሞ የሚጥሉት ናቸው። ጉልበቱን ማጠፍና በጠርዙ ላይ ማዘንበል ማለት ፍርሃቱ ከሚነግረው ተቃራኒውን ማድረግ ነው። ከዚያ ግማሽ ዙር ብቻ የሚዞረው የመጀመሪያ ዝላይ ይመጣል፤ ከዚያም በሳልኮቭ ስም የሚጠራው ባለ አንድ ዙር ዝላይ። ወደ ፊት እያዩ ተነሥተው ወደ ኋላ የሚያርፉበት፣ አንድ ዙር ተኩል የሚጠይቀው አክሰል ግን ለብዙ ጎልማሳ የሚጋረጥ ግንብ ነው። ኖርዌጂያዊው አክሰል ፓውልሰን በ1882 ቪዬና ላይ ሲያሳየው ራሱ በሃያዎቹ አጋማሽ የነበረ ሰው መሆኑ ምናልባት ያጽናና ይሆናል።

ጎልማሳው በልጁ ላይ ብልጫ የሚኖረው አንድ ቦታ አለ፤ በጠርዝ ሥራ። አሰልጣኙ «ክብደትህ ተረከዝህ ላይ ነው» ሲለው ምክንያቱን ይጠይቃል፣ ያሰላል፣ በሚቀጥለው ክብ ላይ ይፈትነዋል። ማለትም ሳያውቀው የኤዲንብራዎቹን ሰዎች መንገድ ይከተላል። ዘመናዊው ውድድር የጣለው ትምህርት ለዘገየው ተማሪ ከሁሉ የሚስማማው ሆኖ ተገኘ።

ደረቅ እንጨት አይቃናም የሚለው እምነት በሳይንስም በኩል ተነቅንቋል። በ2004 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት፣ ሦስት ኳስ እያፈራረቁ ወደ ላይ መወርወርን ለሦስት ወር የተለማመዱ አዋቂዎች፣ እንቅስቃሴን በዓይን የሚከታተለው የአንጎል ክፍላቸው ግራጫ ቁስ እንደጨመረ በምስል አሳየ። ልምምዱን ሲያቆሙ ጭማሪው መልሶ ቀነሰ። በ2008 ተመሳሳይ ጥናት ዕድሜያቸው 60 ገደማ በሆነ ሰዎች ላይ ተደርጎ ለውጡ በእነርሱም ታየ። ጥናቱ አረጋዊ እንደ ልጅ በፍጥነት ይማራል አላለም፤ አይማርምም። ያለው፣ መማሪያው አካል ገና ክፍት መሆኑን ነው።

በዋናው ሜዳም ላይ ምስክሮች አሉ። በ1964 እና በ1968 ለሶቪየት ኅብረት በጥንድ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙት ሉድሚላ ቤሎውሶቫና ኦሌግ ፕሮቶፖፖቭ ስኬቲንግ የጀመሩት እርሷ በ16፣ እርሱ በ15 ዓመቱ ነበር፤ ለዚህ ስፖርት እንደ መሸ የሚቆጠር ዕድሜ። በ2015 እርሷ በ79፣ እርሱ በ83 ዓመቱ በሕዝብ ፊት በአሜሪካ ትርኢት አሳዩ። ዲያና ስቴላቶ ዱዴክ ደግሞ በልጅነቷ ለአሜሪካ በነጠላ የምትወዳደር ባለ ተስፋ ነበረች፤ በጉዳት ምክንያት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ትታ ወጣች፣ በውበት ሕክምና ሙያ ተሠማራች። በ2016 በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ስትመለስ ወደምታውቀው ወደ ነጠላው አልተመለሰችም። ጥንድ መረጠች። ያ ማለት በአንድ እጅ ከራስ በላይ መነሣትን፣ አየር ላይ ተወርውሮ በአንድ እግር ማረፍን፣ ከሌላ ሰው እስትንፋስ ጋር መራመድን በዚያ ዕድሜ እንደ አዲስ መማር ማለት ነው። በማርች 2024 ሞንትሪያል ላይ ከማክሲም ዴሻም ጋር ለካናዳ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 40 ዓመቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ሴት በስፖርቱ ታሪክ ከእርሷ በፊት አልነበረችም። ልምዷ ለሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም፤ በልጅነቷ የተጣለ መሠረት ነበራት፣ ቀኑን ሙሉም ለልምምድ ትሰጥ ነበር። ከሥራ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ በረዶ ሜዳ የሚሄድ ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነው።

የጠፉት ቅርጾችም ተመልሰዋል። በኦገስት 2015፣ ሄኒ በ1932 ሁለተኛውን ወርቋን ባገኘችበት በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሌክ ፕላሲድ ከተማ፣ በቅርጽ ብቻ የሚወዳደሩበት ሻምፒዮና ተጀመረ። በረዶው ጥቁር ተደርጎ ተሠራ፣ ጭረቱ ነጭ ሆኖ ከሩቅ እንዲታይ። ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በአንድ እግር ክባቸውን ይስሉና በዚያው መስመር ላይ ደግመው ይሄዳሉ፤ ዳኞቹም እንደ ድሮው ጎንበስ ይላሉ።