የዊንተርቦርን ቪው ገመና

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ አጠገብ ካለች ሃምብሩክ ከምትባል መንደር ነው።

በዚያች መንደር ዊንተርቦርን ቪው የሚባል 24 አልጋ ያለው የግል ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ለሕክምና ተብለው ይገቡበታል፤ ለብዙዎቹ ግን መኖሪያቸው ሆኖ ቀረ። ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3500 ፓውንድ ከመንግሥት ካዝና ይከፈል ነበር። እንግዲህ ገንዘብ አነሰ የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 መገባደጃ፣ ቴሪ ብራያን የተባለ አንጋፋ ነርስ ያየውን ግፍ ለአለቃው ጽፎ አመለከተ። ለመንግሥት ተቆጣጣሪውም ደጋግሞ አሳወቀ። የሚሰማው ሲያጣ ቢቢሲ ዘንድ ሄደ። ፓኖራማ የተባለው የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም ዘጋቢ ተንከባካቢ መስሎ ተቀጠረና ካሜራ ደብቆ አምስት ሳምንት ሠራ።

ፊልሙ በሜይ 2011 ተላለፈ። አንዲት ወጣት ከነልብሷ ሻወር ስር እንድትገባ ትደረጋለች፤ ደጅ በብርድ ወድቃም ውሃ ይደፋባታል። ሌላ ታካሚ ወለል ላይ ተጥሎ ወንበር ተጭኖበት ይታያል። የሚያሳቅቀው ደግሞ ሠራተኞቹ ይህን የሚያደርጉት እየሳቁ መሆኑ ነው።

በኋላ ማርጋሬት ፍሊን የተባለች ባለሙያ ጉዳዩን ስትመረምር ያገኘችው ሌላው ጉድ ነው። ከ2008 ጀምሮ ለአካባቢው ምክር ቤት 40 ጥቆማ ደርሶታል። ፖሊስም ያውቃል። ታካሚዎቹ ከ70 ጊዜ በላይ ድንገተኛ ክፍል ተወስደዋል። ሁሉም የየራሱን ወረቀት በየመዝገቡ አስቀምጦ ዝም አለ፤ ደርቦ ያነበበ የለም። ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ወላጅም ልጁ የሚተኛበትን ክፍል እንዲያይ አይፈቀድለትም ነበር። እኔን ከፊልሙ ይልቅ ይህ ይከነክነኛል፤ ፊልሙ የቀረጸው አምስት ሳምንት ነው፣ በሩ ግን ለዓመታት ተዘግቶ ነበር።

ሆስፒታሉ ተዘጋ። 11 ሠራተኞች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ስድስቱ በ2012 ወኅኒ ወረዱ። ሁሉም ነርሶችና ተንከባካቢዎች ነበሩ።

መንግሥት ያለቦታቸው ሆስፒታል የተቀመጡትን ሁሉ እስከ ጁን 2014 ወደየአካባቢያቸው እንደሚመልስ ቃል ገባ። ቀኑ ደረሰ፣ አለፈ፤ ቃሉ ግን አልተፈጸመም። በ2019 ያው ፓኖራማ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዎርልተን ሆል በሚባል ሌላ ሆስፒታል በድብቅ ካሜራ ተመሳሳይ ግፍ ቀረጸ። ተቆጣጣሪው ይህንኑ ሆስፒታል በ2017 «ጥሩ» ብሎት ነበር። በ2015 ችግሩን የጠቆመ የራሱ መርማሪ ሪፖርት ደግሞ ሳይታተም ቀርቷል።

ዘመዳችሁን በእንዲህ ያለ ተቋም ያኖራችሁ አድማጮች፣ የእንግዳ መቀበያውን ሶፋ አይታችሁ አትመለሱ፤ የሚተኛበትን ክፍል አሳዩን በሉ።