ያልተጻፈው ግብር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ነገሩ የጎጃም ነው። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አዋጅ አወጣ፤ ገበሬ ከእርሻ ገቢው ግብር ይክፈል የሚል። ገማች መጥቶ ምርቱን አይቶ ይጽፋል ተባለ። ገበሬው ይህን ሲሰማ "ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው" ብሎ ደነገጠ።

ስጋቱ ከየት መጣ? ከኖረው ኑሮ ነዋ! ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ነበሩ። መዋጮው በዝቷል፤ ጠመንጃ ማስመዝገቢያም ይከፈላል። ሹም ፊት ለመቅረብ ደግሞ እጅ መንሻ አለ። ገበሬው ሁለት ግብር ያውቃል፤ አንዱ በመዝገብ የሰፈረ፣ ሌላው ያልተጻፈ። አዲሱ ገማች ሁለቱንም ይዞ እንደሚመጣ ገባው።

ሞጣ ተነሣ፤ ቢቸና ተነሣ፤ ዳሞትም ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። ስንት ጎበዝ ወደቀ! በመጨረሻ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ።

ቆይ፣ አላለቀም። እኒያ ገዥ ለፍርድ ቀረቡ? የለም፤ ከፋን እንዲገዙ ተሾሙ! በ1966 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ከፋ ውስጥ የጅማ ሰው በተራው ይነሡልን ብሎ ወጣ። የጎጃምን እሮሮ ሰምቶ የፈረደ ቢኖር ኖሮ ጅማ ያን ሁሉ በደል ባላየ ነበር።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ደግሞ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተሰየመ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ግን ማዳበሪያ ጠፋ። በቆሎ ቀን አይሰጥም፤ ዝናቡ አይጠብቅም። ገበሬው መጋዘን ሄዶ "አልመጣም" ይባል ነበር፤ ያው ማዳበሪያ ግን በጥቁር ገበያ በብዙ እጥፍ ይሸጥ ነበር። ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ዘልቀው አቤት አሉ።

ከግሽ ዓባይ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለ ሰው ሙስናን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ በጠፋ ኩንታል፣ በተጓተተ ፋይል፣ "ነገ ና" በሚል ቃል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረትም የወለደው ይኸው ኑሮ ነው።

እኔ የምለው አንድ ነው። የበላን ሹም ወደ ሌላ አገር ማዛወር በደሉን ማዛወር ነው። ሹሙ በበደለበት አገር፣ በበደላቸው ሰዎች ፊት ቆሞ ይጠየቅ!